«ሲስተሙ አይቀበልም»

«እማማ፣ ሲስተሙ አይቀበልም።»

በአገራችን መስኮት ፊት ተራ ጠብቆ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህችን ዐረፍተ ነገር ሰምቷታል። ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ፣ ቁልቁለቱን ወርዳ ዳገቱን ወጥታ ላሊበላ የደረሰች አንዲት እናት እናስብ። የልደት ቀኗን ስትጠየቅ «በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን ነፍስ አውቄ ነበር» ትላለች። ቅጹ ግን ቀን፣ ወርና ዓመት ይፈልጋል። አባቷ ገብረ መስቀል ነው፤ በያዘችው ወረቀት ላይ «ገ/መስቀል» ተብሎ ተጽፏል። ቅጹ ያቺን ያዘመመች ጭረት አይወድም። ስልኳ የልጇ ነው፤ ልጇ ደግሞ በዚያው ቁጥር ቀድሞ ተመዝግቧል። አይቀበልም። ወጣቱ ጸሐፊ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ቀዩን ጽሑፍ እያሳያት «እኔ ምን ላድርግ?» ይላል፤ እውነቱን ነው።

ጠቤ ከጸሐፊው ጋር አይደለም፤ ከጀርባው ከቆመው እምነት ጋር ነው። እምነቱ ባጭሩ ይህ ነው፦ ቅጹን ያለፈ መረጃ ትክክል ነው፤ ያላለፈው ስሕተት ነው፤ ትክክሉ ከተለየ በኋላ ዳታቤዝ ውስጥ ማስቀመጡ አንዲት ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። ፕሮግራመሩም፣ የፕሮጀክት አስተባባሪውም፣ ሪፖርት ተቀባዩም እንዲህ ያምናል። እኔ ሦስቱንም አባባሎች ስሕተት እላለሁ። ቅጹ እውነቱን ከውሸቱ አይለይም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ እውነቱን መልሶ ውሸቱን ያስገባል። ትልቁ አደጋ ያለው ደግሞ ሁሉም «አለቀ» ብሎ በሚዘናጋበት በማስቀመጡ ላይ ነው።

የተቃራኒው ወገን ክርክር ደካማ አይደለም፤ አሳንሼ ላቀርበው አልፈልግም። የወረቀቱን ዘመን አስታውሱ ይላሉ። አንድ ሰው በሦስት ስም ሦስት ጊዜ ርዳታ የሚወስድበት፣ በእርሳስ የተጻፈ ስም በላጲስ የሚጠፋበት፣ መዝገቡ ራሱ ከመደርደሪያ ወጥቶ የሚቀርበት ዘመን ነበር። የቅጹ ሕግ ለሁሉም እኩል ነው፤ ዘመድ አያውቅም፣ ጉቦ አይበላም። ብናላላው ዳታቤዙን ቆሻሻ ይሞላዋል። ከዚያ በላይ የሚቆመው ሁሉ፣ የሴፍቲኔት ክፍያው፣ የመሬት ደብተሩ፣ የክትባት ሪፖርቱ፣ በቆሻሻ ላይ ይቆማል። ሰርጎ ገቦችም አሉ፤ በስም ሳጥን ውስጥ ስም ሳይሆን ትእዛዝ ጽፈው ዳታቤዙን ሊዘርፉ የሚሞክሩ። በመጨረሻም፣ ሕዝቡ ይለምዳል ይላሉ፤ ዘመናዊነት በአንድ ጀንበር አይለመድም፣ ግን ይለመዳል።

በዚህ ውስጥ እውነት አለ። በሦስት ስም መውሰድ ነበረ፤ የላጲሱም ነገር የፈጠራ ወሬ አይደለም። ጥያቄው በግዴታ ከሚሞላው ሳጥን ጎን የምትታየው ቀይ ኮከብ ይህን በሽታ ታድናለች ወይ ነው።

ከቃሉ እንጀምር። እኛ ፕሮግራመሮች የሳጥኑን ሕግ ያለፈውን መረጃ «የተረጋገጠ» እንለዋለን። ማን አረጋገጠው? በር ላይ የቆመ ጥበቃ ኪስህን ዳብሶ ቢላዋ አለመያዝህን ያውቃል፤ ማን እንደ ሆንህ ግን አያውቅም። ይህ ፍተሻ ይባላል። ማረጋገጥ ጎረቤት መጠየቅ ነው፣ ምስክር መጥራት ነው፣ የክርስትና አባትን ማነጋገር ነው። ቅጹ የሚያየው ሳጥኑ ባዶ አለመሆኑን፣ በቁጥር ቦታ ፊደል አለመግባቱን፣ የቀኑ ቅርጽ ቀን መምሰሉን ነው። ያቺ እናት ያልተወለደችበትን «መስከረም 1 ቀን 1970» ብትናገር ቅጹ ያለ አንዳች ጥያቄ ያሳልፋታል። «ቀኑን አላውቀውም» ብላ እውነቷን ብትናገር ይመልሳታል። እንግዲህ ከሁለቱ ቆሻሻው የትኛው ነው?

ውጤቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። በየመዝገቡ መስከረም 1 ቀን የተወለደ ሰው የበዛው የአገራችን እናቶች ለዕንቁጣጣሽ ስለሚቸኩሉ አይደለም። ባሕር ማዶ በስደት የተመዘገቡ ወገኖቻችንም ከሌላው ዓለም ስደተኛ ጋር ጃንዋሪ 1ን የልደት ቀን አድርገው የሚኖሩት በዚሁ ምክንያት ነው። የልደት የምስክር ወረቀት እንዲያመጡ የሚጠይቃቸውም አይጠፋም። ከየት ያምጡት? የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ የላስታ ገበሬ መንግሥት ያልጻፈለትን ቀን ከራሱ ፈጥሮ እንዲናገር እናስገድደውና የተናገረውን «የተረጋገጠ» ብለን እናስቀምጠዋለን።

መላው ጠፍቶ ነው እንዳይባል፣ መላው ድሮ ተገኝቷል። የሕንድ መታወቂያ አዳር የልደት ቀንን በሦስት ይከፍላል፦ በሰነድ የተረጋገጠ፣ ሰውየው የተናገረው፣ በግምት የተያዘ። እ.ኤ.አ. በ2004 ተጀምሮ በአፍሪካ ክሊኒኮች የተስፋፋው ኦፕንኤምአርኤስ የተባለው የሕክምና መዝገብም ከልደት ቀኑ ጎን «ግምት ነው» የምትል አንዲት ምልክት አለችው። አንዲት ምልክት! ዳታቤዙን አታከብደውም። ለሐኪሙ የዕድሜውን ቁጥር ምን ያህል ማመን እንዳለበት ትነግረዋለች። የእኛ ቅጽ ግን «አላውቅም» የሚል ቦታ የለውም። ባዶ ሳጥን ስንት ነገር ሊሆን እንደሚችል አስቡት፦ አልተጠየቀችም፣ ተጠይቃ አታውቅም፣ ታውቃለች ግን መናገር አልፈለገችም፣ ነገሩ እሷን አይመለከትም። የተዛማጅ ዳታቤዝ አባት ኤድጋር ኮድ ራሱ «አለ ግን አልታወቀም» እና «ጭራሹን አይመለከተውም» የሚሉት ተለይተው እንዲቀመጡ ተከራክሯል። እኛ አራቱንም በአንዲት ቀይ ኮከብ ከልክለን ጸሐፊው ነጥብ እንዲጽፍበት እናደርጋለን። ነጥብ ደግሞ ፍተሻውን ያልፋል።

የቀን መቁጠሪያው ነገር ከዚህም ይብሳል። እዚህ ቅጹ እውነቱን መመለስ ብቻ ሳይሆን ለውጦ ያስቀምጣል። የእኛ ዓመት 13 ወር አለው፤ 12ቱ 30፣ 30 ቀን ናቸው፤ ጳጉሜን 5 ናት፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ 6። ከውጭ የመጣው የቀን ሳጥን ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። ጥቅምት 30ን በቁጥር 30/2 ብለህ ስትጽፍ «ፌብሩዋሪ 30 ቀን የለውም» ብሎ ይመልስሃል። ይህ ደኅናው ነው፤ ቢያንስ ይናገራል። ጳጉሜን 5ን 5/13 ብለህ ስትጽፍስ? አንዳንዱ ፕሮግራም 13 ወር ሊሆን አይችልም ብሎ ቦታ ያቀያይርና ሜይ 13 አድርጎ ያስቀምጥልሃል። የጃቫስክሪፕት የቀን መሥሪያ ደግሞ አሥራ ሦስተኛ ወር ሲሰጠው ስሕተት አይልም፤ ዝም ብሎ ወደሚቀጥለው ዓመት አንደኛ ወር ይሻገራል። ስለዚህ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 የተወለደ ሕፃን በ2016 አንደኛ ወር፣ በ6ኛው ቀን ተወልዶ ያድራል። ይህን ቁጥር ያየ የእኛ ሰው ምን ብሎ ያነበዋል? መስከረም 6 ቀን 2016። የሚታመን ቀን ነው፤ ማንም አይጠራጠርም። ቀይ ጽሑፍ አልታየም፤ ፍተሻው ታልፏል፤ ልጁ ግን በስድስት ቀንና በአንድ ዘመን ተሳስቷል። ልደት በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 እንደሚውል ያለ መጽሐፍ በሚያውቅ የላሊበላ ሰው ላይ አሥራ ሦስተኛውን ወር የማያውቅ ሳጥን ዳኛ ሆኖ ተቀምጧል።

ስሙስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 32 እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም፣ አንድ ወይም ከዚያ በላይ የግል ስምና የአባት ስም እንዳለው ይናገራል፤ በአስተዳደር ሰነዶችም የቤተ ዘመድ ስሙ እንዲቀድም ያዛል። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዴቪድ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ከስድሳ ዓመት በላይ አለፈ። የቤተ ዘመድ ስሙን የሚያስቀድም ኢትዮጵያዊ የት አለ? ስሙ፣ ያባቱ ስም፣ ያያቱ ስም፤ በዚህ ኖረ፣ በዚህ ይኖራል። «ሕዝቡ ይለምዳል» ለሚሉኝ መልሴ ይህ ነው፦ የንጉሠ ነገሥት መንግሥት በነጋሪት ጋዜጣ አውጆ ያላስለመደውን አንድ የስልክ አፕ በግዴታ ሳጥን ሊያስለምደው ነው? ሰው የሚለምደው ቅጹን መዋሸት ነው። «ላስት ኔም» በሚለው ቦታ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን፣ ሦስተኛው የራሱን ስም ደግሞ ይሞላል፤ ሦስቱም ፍተሻውን ያልፋሉ። ባልና ሚስት በአንድ ቤት ሁለት የተለያየ «የቤተሰብ ስም» ይዘው ይገኛሉ፤ ልጃቸው በሦስተኛ።

እስቲ ንጉሥ ላሊበላ ዛሬ መጥተው ይመዝገቡ። ስም፦ ላሊበላ። ስመ መንግሥታቸው ገብረ መስቀል ነው፤ ቅጹ ግን ለሁለተኛ ስም ቦታ የለውም። የአባት ስም፦ ዛን ስዩም፤ በስም መካከል ክፍት ቦታ አይፈቀድም። የትውልድ ቦታ፦ ሮሃ፤ ሮሃ ግን ከዝርዝሩ ውስጥ የለችም፣ ላሊበላን ምረጡ። ስለዚህ ንጉሡ በራሳቸው ስም በተጠራች ከተማ ተወልደው ያድራሉ። እንስቃለን፤ ነገር ግን የዓለም ስምና የክርስትና ስም ያለው፣ ቀበሌው በሦስት ዓመት ሁለት ጊዜ ስሟን የለወጠችበት ሰው በየቀኑ የሚያጋጥመው ይኸው ነው።

የፊደላችን ነገር ደግሞ አለ። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም እንቁጠር። መጀመሪያው ፊደል ድምፁ አንድ ሆኖ በስድስት መልክ ይጻፋል፤ ሥ በሁለት፣ ሴ በሁለት፤ ስሙ ተያይዞም ተለያይቶም ይጻፋል። ሲባዛ 48 ነው፤ «ኃ/ሥላሴ» የሚለው ገና ሳይቆጠር። ለሰው ዐይን አንድ ስም ነው፤ ለዳታቤዝ 48 ሰው። መሐመድ፣ ሙሐመድና ሙሃመድ ብለው ለሚጽፉት ለወሎ ሙስሊሞችም ያው ነው። ታዲያ «በሦስት ስም ሦስት ጊዜ እንዳይወስድ» ተብሎ የቆመው ጥብቅ ቅጽ ይህን ይይዛል? አይይዝም። ሌባው ሐውን በሀ ለውጦ ያልፋል። የሚያዘው ማን ነው? ባንክ ቤት ያለው ስሟና መታወቂያዋ ላይ ያለው ስሟ በአንዲት ፊደል የተለያየባት እናት። ፍትሕ ተብሎ የተሠራው ወጥመድ አይጧን አሳልፎ ዶሮዋን ይይዛል።

እዚህ ላይ ፋይዳን ማመስገን ተገቢ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመው ይህ ዲጂታል መታወቂያ አንድን ሰው ከሌላው የሚለየው በስሙ አጻጻፍ ሳይሆን በጣት አሻራው፣ በዐይኑ ብሌንና በፊቱ ነው፤ ከዚያ 12 አኃዝ ያለው ቁጥር ይሰጠዋል። ስም ይስተካከላል፤ ሰውየው ያው ነው። ስም ቁልፍ አይሆንም የሚለው ትምህርት እዚያ ገብቷል። ቁጥሩን ተቀብለው ስሙን ደግሞ ፊደል በፊደል ካልገጠመልን የሚሉ ሌሎች ሲስተሞች ግን ትምህርቱን ወደ ኋላ ይመልሱታል።

ስልክንስ ቁልፍ ብናደርገው? ይህን ጥፋት ራሴ ሠርቼዋለሁ። ከዓመታት በፊት ለአንድ ድርጅት የምዝገባ ቅጽ ስጽፍ ሁለት ሕግ አስገባሁ፦ ስልክ ቁጥር በ09 ይጀምር፤ አንድ ቁጥር ለአንድ ሰው ብቻ። ንጹሕ ኮድ ነበር፤ ኮርቼበታለሁ። ገጠር ውስጥ አንድ ስልክ የአንድ ቤት፣ አንዳንዴም የሁለት ጎረቤት መሆኑን ረሳሁ። መዝጋቢዎቹ ምን አደረጉ? ሕዝቡን አልመለሱም። ከዜሮ ዘጠኝ ቀጥለው የመጣላቸውን አኃዝ እየደረደሩ አሳለፉ። በኋላ መልእክት ሲላክ ለማን ይደርስ እንደ ነበር እግዜር ይወቀው። ሳፋሪኮም በ2015 መጀመሪያ በ07 የሚጀምር ቁጥር ይዞ ሲመጣ ደግሞ ሕጌ ሐቀኛውን ደንበኛ መመለስ ጀመረ። የፈጠራውን ቁጥር ተቀብሎ እውነተኛውን የመለሰ ሕግ! በማን ላይ ነበር ያጠበቅሁት?

የሰርጎ ገቡን ነገር በአጭሩ ልለፈው፤ ክርክሩ በአጭሩ ስለሚወድቅ። ከስም ሳጥን ጭረትና ነጠላ ጥቅስ መከልከል የዳታቤዝ ጥበቃ አይደለም። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ትእዛዙንና መረጃውን ለያይቶ መላክ። ትእዛዙ አስቀድሞ ይዘጋጃል፣ ሰውየው የጻፈው ለብቻው ይገባል፣ ምንም ቢጽፍ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። ይህን ያደረገ ሰው «ገ/መስቀል»ን የሚፈራበት ምክንያት የለውም። ጭረት የሚከለክል ቅጽ ስታዩ ከጀርባው ሥራውን ያልጨረሰ ፕሮግራመር አለ ብላችሁ ጠርጥሩ።

አሁን ማንም ወደማያየው ቦታ እንግባ፤ ከቅጹ ጀርባ። እዚህ ነው ንዴቴ የሚበረታው፤ በእናትየዋ ላይ እንዲያ የጠበቀው ሲስተም እዚህ ሲደርስ ገመዱ እንደ ተፈታ በሬ ይሆናል።

አንድ የገበሬ ቤተሰብ ይመዘገባል እንበል፦ አባወራው፣ ሚስቱ፣ አምስት ልጆች፣ ሦስት ማሳ። በዳታቤዝ ውስጥ ይህ አሥር መዝገብ ነው። ጸሐፊው «አስቀምጥ» ይላል። የአባወራው መዝገብ ገባ፤ የሚስቱ ገባ፤ ኔትወርክ ተቋረጠ። ላስታ ውስጥ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ መብራት ይሄዳል፣ ከ2015 ክረምት ጀምሮ ደግሞ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። አሥሩን በአንድ እስር ያላሰረ ሲስተም ባልና ሚስት ብቻ ያለ ልጅና ያለ መሬት ይዞ ይቀራል። ሁሉም ይግባ፣ አለበለዚያ አንዱም አይግባ የሚለው ሕግ ትራንዛክሽን ይባላል፤ በዚህ ሙያ ውስጥ ከሃምሳ ዓመት ያላነሰ ዕድሜ አለው፤ አዲስ ግኝት አይደለም። ጸሐፊው በማግሥቱ እንደገና ሲሞክርስ? «ይህ ሰው ተመዝግቧል» ይለዋል። ተመዝግቧል! ያለ ልጆቹ። ርዳታ በቤተሰብ ብዛት ሲታደል ለሁለት ሰው የሚመጣለት ይህ ገበሬ ስሕተቱ የት እንዳለ ማን ይነግረዋል? ቅጹ የራሱን ሥራ በትክክል ሠርቷል፤ እያንዳንዱ ሳጥን ተፈትሿል።

ወይም ተቃራኒው ይሆናል። ጸሐፊው ቁልፉን ተጫነ፤ መልስ ዘገየ፤ ደግሞ ተጫነ። አንዱ ቤተሰብ ሁለት ሆነ። ፕሮግራሙ ከማስቀመጡ በፊት «እንዲህ ያለ ሰው አለን?» ብሎ መጠየቁ አያድንም፤ ሁለቱ ጥያቄዎች በአንድ ቅጽበት ሲደርሱ ሁለቱም «የለም» የሚል መልስ ያገኛሉ፣ ሁለቱም ያስቀምጣሉ። ይህን መከልከል የሚችለው ዳታቤዙ ራሱ ነው፤ መደገም የሌለበት እንዳይደገም በዳታቤዙ ውስጥ ሲታዘዝ። ለእያንዳንዱ ቅጽ ሲከፈት አንድ መለያ ቁጥር ሰጥቶ፣ ያ ቁጥር ሁለተኛ ሲመጣ «ይህን ተቀብያለሁ» ብሎ የመጀመሪያውን መልስ መመለስ ደግሞ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

የመጨረሻው ጉድጓድ ማስተካከል ነው። ጸሐፊው ስሙን ያርማል፤ አዲሱ ይገባል፣ አሮጌው ይጠፋል። ማን ለወጠው? መቼ? ለምን? አይታወቅም። የወረቀቱን ዘመን ላጲስ ያወገዙት ሰዎች የሠሩት ከላጲስ የከፋ ነው፤ ላጲስ ቢያንስ ወረቀቱ ላይ ጠባሳ ይተዋል። «ቅጹ ዘመድ አያውቅም፣ ጉቦ አይበላም» ያላችሁኝ ወገኖች፣ መልሱልኝ፦ የይለፍ ቃል ያለው ሰው ማሳውን ከመበለቲቱ ስም ወደ ወንድሙ ስም ቢያዛውር የትኛው ቀይ ኮከብ ይጮኻል? የተዛወረው ስም ባዶ አይደለም፣ ቁጥር አልገባበትም፣ ከተፈቀደው ርዝመት አላለፈም። ያልፋል። ኪሱ ተዳብሶ ቢላዋ ያልተገኘበት ሰው ውስጥ ገብቶ ጎተራውን ይዘርፋል።

ስለ ርዝመት ካነሣን፣ ማይኤስኪውኤል የሚባለው ታዋቂ ዳታቤዝ 5.7 የተባለው እትሙ እስኪመጣ ድረስ በነባሪ አሠራሩ ከመጠን ያለፈ ጽሑፍ ሲመጣለት ቆርጦ ያስቀምጥ ነበር፤ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፣ ማንም አያነበውም። አንድ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል። 20 ባይት ብቻ በተፈቀደበት ቦታ ወልደ ገብርኤል «ወልደ ገብር» ሆኖ ይቀራል። መልአኩ ወድቆ ገብር ብቻ ቀረ፤ ስም ይመስላልና ማንም አይነካው። የእኛን ፊደል ለማያውቅ የዳታቤዝ ዐምድ ከተላከ ደግሞ በጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ይወጣል። ኢትዮጵያዊው ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ ወዲህ ለጥያቄ ምልክቱ ምክንያት ያለው ማን ነው?

እንዴት ይሁን ለሚለኝ፣ ስለ መዝገብ ከላስታ ሰው ጋር ስናወራ ምሳሌ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የዛጉዌ ነገሥታት መሬት ሲሰጡ ስጦታው የሚጻፈው በወንጌል መጽሐፍ ባዶ ቅጠሎች ላይ ነበር። የንጉሥ ላሊበላ የመሬት ስጦታዎች በሺመዛና ደብረ ሊባኖስ ወንጌል ውስጥ ተጽፈው ይገኛሉ፤ ኮንቲ ሮሲኒ የተባለው ጣሊያናዊ ምሁር ካሳተማቸው ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ። ጸሐፊው መነኩሴ የመሬቱን ስምና የተቀባዩን ቤተ ክርስቲያን ብቻ ጽፎ አያቆምም። ሰጪው ማን እንደ ሆነ፣ በዚያን ጊዜ በየሹመቱ የነበሩት እነማን እንደ ነበሩ ይዘረዝራል፤ ይህን የሚያፈርስ የተወገዘ ይሁን ብሎ ይዘጋል። መጽሐፉ ከደብሩ አይወጣም፤ በቀላሉ አይጠፋም፤ ካህናቱ ሁሉ ያውቁታል። ያ መነኩሴ የስሙን ርዝመት አልለካም። የተጻፈውን ማን እንዳለው፣ ማን እንደ ሰማው፣ መቼ እንደ ተባለ ጻፈ። ዛሬ ታሪክ ጸሐፊው ስጦታውን የሚመረምረው በእነዚያ ስሞች ነው። ያን ዘመን አላሳምርም፤ ብራናም ይፋቃል፣ በሐሰት የሚጽፍ እጅ ያኔም ነበር። የሹማምንቱ ስም የተደረደረው ይህ ስለሚታወቅ ነው።

እኛም ከዚህ ያነሰ ልንሠራ አይገባም። ዳታቤዙ ውስጥ ምንም ነገር በላዩ ላይ አይጻፍበት፤ እርማት አዲስ መስመር ይሁን፣ አሮጌው ከነአራሚው፣ ከነቀኑ፣ ከነምክንያቱ ይቆይ። ኦፕንኤምአርኤስ የተሰረዘ መዝገብ አያጠፋም፤ ተሽሯል ብሎ፣ ሻሪውንና ምክንያቱን ጽፎ ያኖረዋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለዜጋው የተሳሳተ መረጃውን የማሳረም መብት ሰጥቶታል፤ ያልተቀመጠ ታሪክ ላይ ምን ብሎ ይከራከራል? ቀኑ እንደ ተነገረው በእኛ አቆጣጠር ይቀመጥ፤ የፈረንጁ ከጎኑ ይሰላ። ስሙ እንደ ተጻፈ ይግባ፤ የ48ቱን መልክ አንድ የሚያደርግ የፍለጋ ዐምድ ለብቻው ይሠራ። «ቀኑ ግምት ይመስላል፣ ስልኩ የሌላ ሰው ነው» የሚል ማሳሰቢያ ይውጣ፤ በሩን ግን አይዝጋ። ጥብቅነታችሁን በሙሉ፣ አንዲት ሳትጎድል፣ ከመስኮቱ አንሡና ጎተራው ላይ አድርጉት።

ያን ጊዜ ያቺ እናት ከአቡነ ዮሴፍ ግርጌ ትመጣለች። ጸሐፊው ይጠይቃታል፣ ትመልሳለች፣ ይጽፋል። ልደት፦ 1970 ገደማ፤ ግምት፤ ተናጋሪዋ ራሷ፤ «በሰባ ሰባቱ ነፍስ አውቄ ነበር»። የአባት ስም፦ ገብረ መስቀል፤ በወረቀቷ ላይ ገ/መስቀል። ስልክ፦ የልጇ። መዝጋቢ፦ እሱ፤ ቀን፦ ዛሬ። ኔትወርኩ ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ መዝገቡ አንዴ ብቻ፣ ሙሉውን ይገባል።

«ተመዝግበዋል እማማ። ይቺን ቁጥር ይያዙ። የተሳሳተ ነገር ካለ ተመልሰው ይንገሩኝ።»